ግሎክ 19 ጄን 5፦ የፋብሪካው ምላጭ ይቆይ ወይስ አፍተርማርኬት (የሌላ ሠሪ ዕቃ) ይግባለት?

ፖቶማክ_ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በእጄ ያለው ግሎክ 19 ጄን 5 ነው፤ ከሳጥኑ ከወጣ ጀምሮ አንድም ዕቃው አልተቀየረም። በቨርጂኒያ ፈቃድ በወገብ የሚያዘውም ተኩስ ሜዳ ላይ ልምምድ የሚደረግበትም ይኸው አንዱ ሽጉጥ ነው። ስለዚህ የሚደረግለት ለውጥ ለሁለቱም ሥራ የሚሆን መሆን አለበት።

ጥያቄው ስለ ምላጩ ነው (ቃታ የሚሉትም አሉ፤ ጣት የሚስበውን ማለቴ ነው)። በዲጂታል መለኪያ 10 ጊዜ ተስቦ አማካዩ 6 ፓውንድ ሆነ፤ ትንሹ 5.7፣ ትልቁ 6.4። ባዶ ጉዞው ረጅም ነው፤ ከዚያ ጠጣሩ ቦታ ይመጣል፤ እሱን አልፎ እስኪለቅ ድረስ ደግሞ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል እንጂ ጥርት ብሎ አይለቅም። በ15 ያርድ በቀኝ እጅ ሲተኮስ ጥይቱ ወደ ግራ ዝቅ ብሎ ያርፋል።

ሦስት አማራጭ ይታየኛል። አንደኛው የግሎክ የራሱ ማይነስ ኮኔክተር (ምላጩን የምታቀል ቀጭን ብረት) ነው፤ 20 ዶላር አካባቢ። ሁለተኛው ግሎክ ለጄን 5 የሚሸጠው ፐርፎርማንስ ትሪገር የሚባለው ሙሉ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ከሌላ ሠሪ የሚመጣ ፊቱ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ምላጭ ነው፤ ከነለስላሳ ሞላዎቹ 170 ዶላር አካባቢ ሆኖ "3.5 ፓውንድ" ይላል። የትኛው ምን ይሰጣል፣ ምን ይወስዳል? ቤት ውስጥ ከተገጠመስ በኋላ ምን ምን መፈተሽ አለበት?


ንጹሕ_ዒላማ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሽጉጡ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ልዘርዝርልህ፤ እሱን ካየህ የትኛው ዕቃ የትኛውን ስሜት እንደሚለውጥ ራስህ ትፈርዳለህ።

ግሎክ ስላይዱ (ላይኛው ተንሸራታች ብረት) ሄዶ ሲመለስ መቺ መርፌውን በከፊል ብቻ ወጥሮ ያቆየዋል፤ ቀሪውን የሚወጥረው ጣትህ ነው። ምላጩን ስትስብ የምላጩ ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ የመርፌውን መቆለፊያ ወደ ላይ ገፍቶ ይከፍታል፤ መርፌውን በሞላው ላይ እየወጠረ ይወስዳል፤ ከኋላው ያለው መስቀል መሰል ክንፉም ካረፈበት ደረጃ እየወጣ ወደ ታች መውረድ ወደሚችልበት ቦታ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ዘንጉ ኮኔክተር የምንለውን የቀጭን ብረት ተዳፋት ያገኛል። ተዳፋቱ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ዘንጉ የመርፌውን ጆሮ ይለቃል፤ መርፌው ይመታል። አንተ "ጠጣሩ ቦታ" ያልኸው ዘንጉ ተዳፋቱን ሲነካ ነው፤ "ይለጠጣል" ያልኸው ደግሞ ተዳፋቱ ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድባት አጭር መንገድ ናት።

ስለዚህ ያንተ 6 ፓውንድ ከአንድ ቦታ የመጣ አይደለም። የመርፌው ሞላ አለበት፤ የመርፌ መቆለፊያው ትንሿ ሞላ አለችበት፤ የኮኔክተሩ ተዳፋት አለበት፤ ብረት ከብረት ሲፋተግም ይጨምራል። ፋብሪካው ስሙን 5.5 ፓውንድ ይበለው እንጂ አዲስ ሽጉጥ ላይ ከ5.5 እስከ 6.5 ማግኘት የተለመደ ነው። ያንተ ጤነኛ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ማይነስ ኮኔክተር ተዳፋቱ ለዘብ ያለ ነው። ዘንጉ በትንሽ ጉልበት ይወርዳል፤ በመለኪያ ከግማሽ እስከ 1 ፓውንድ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ተዳፋቱ ስለለዘበ የሚንሸራተትበት መንገድ ይረዝማል፤ ጠጣሩ ቦታም ይደበዝዛል። አንተ ያማረርኸው ከክብደቱ ይልቅ መለጠጡን ነው። ለዚያ ቅሬታ ማይነሱ መድኃኒት አይሆንም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። ቀለል ያለና እየተንሸራተተ የሚሄድ ምላጭ ለሚወድ ሰው ግን 20 ዶላር ለእሱ ማውጣት ተገቢ ነው፤ የግሎክ የራሱ ዕቃ ስለሆነም ከደኅንነት ክፍሎቹ አንዱንም አይነካም።

በተቃራኒው አቅጣጫም ዕቃ አለ፤ ፕላስ ኮኔክተር ምላጩን ወደ 8 ፓውንድ ያወጣዋል። ለቀደሙት ትውልዶች፣ ከጄን 1 እስከ 4፣ ኒው ዮርክ የሚባሉ የምላጭ ሞላዎች አሉ። እነዚያ ከመነሻው ጀምሮ ጣትን ስለሚቋቋሙ ባዶ ጉዞው ሁሉ ይከብዳል። ስማቸውን ያገኙት ከኒው ዮርክ ነው፤ የከተማዋ ፖሊስ ግሎኮቹን በ12 ፓውንድ ምላጭ ያስይዝ ነበር። 12 ፓውንድ በአንድ ጣት እየሳቡ ከ700 ግራም ያልበለጠ ጥይት የሌለው ሽጉጥ ሳይንቀሳቀስ መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ አስብ። ክብደት ብቻውን ደኅንነት የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።


ሞላና_ፒን፦

ንጹሕ_ዒላማ የጻፈው ልክ ነው። እኔ ስለ ሦስተኛው አማራጭ፣ ስለ "3.5 ፓውንዱ" ኪት (የምላጭና የሞላ ስብስብ) ልጨምር፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና።

3.5 ፓውንድ ከሰማይ አይወርድም፤ ከአንዱ ክፍል ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ኪቱ ውስጥ ለስላሳ የመርፌ ሞላ ታገኛለህ። የፋብሪካው 5.5 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ የኪቱ 4 ወይም 4.5። ጣትህ የሚወጥረው እሱን ስለሆነ ምላጩ ወዲያው ይቀላል፤ ግን ጥይቱን የሚመታውም እሱ ነው። ፌደራል የሚባለው ኩባንያ ጥይት ላይ፣ ፕራይመሩ (መርፌው የሚመታው የጥይቱ መለኮሻ) ለስላሳ ስለሆነ፣ ምንም ችግር ላታይ ትችላለህ። ጠጣር ፕራይመር ያለው ጥይት ውስጥ ስትገባ፣ ለምሳሌ ሲሲአይ ወይም ለጦር የተሠራ 9 ሚሊ ሜትር፣ ከስንት አንዴ "ቀጭ" ብሎ ይቀራል። ያልተተኮሰውን ጥይት አውጥተህ ፕራይመሩን ብታየው ጠባሳው ጥልቀት የሌለው ሆኖ ታገኘዋለህ። የተጣደፈ ሰው ጥይቱን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የሞላው ነው። ብርድ፣ የደረቀ ዘይትና መርፌው መንገድ ውስጥ የተከማቸ ጥቀርሻ ሲጨመርበት ይብሳል። በወገብ ለሚያዝ ሽጉጥ የመርፌ ሞላ አይነካም። ይህን በግልጽ እላለሁ።

ሁለተኛው መቀነሻ ባዶ ጉዞውን ማሳጠር ነው። ምላጩ ሲታይ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይቆማል፤ ደስ ይላል፣ አጭር ይሆናል። ነገር ግን ያ ባዶ ጉዞ ባዶ አይደለም። ከላይ እንደተባለው ዘንጉ የመርፌውን መቆለፊያ የሚከፍተውም፣ መስቀሉን ከደረጃው የሚያወጣውም በዚያ ጉዞ ነው። ምላጩ በዕረፍት ላይ ሳለ ዘንጉ አስቀድሞ ወደ ኋላ ከተገፋ መቆለፊያው በከፊል ተከፍቶ ይውላል፤ መስቀሉም የደረጃው ጠርዝ ላይ ይንጠለጠላል። ሽጉጡ በተኩስ ሜዳ ይተኩሳል፣ ይመለሳል፣ ምንም ጉድለት አይታይበትም። ከእጅ ወድቆ ሲሚንቶ ሲመታ ነው ጉዱ የሚታየው።

በዚህ ላይ የምላጩ የራሱ ክብደት አለ። ሲግ ፒ320 ላይ የሆነውን አስታውሱ፦ ሽጉጡ በተወሰነ አቅጣጫ ጀርባውን ሰጥቶ ሲወድቅ የምላጩ ክብደት በራሱ ግፊት ወደ ኋላ ሊሄድና ሊተኩስ እንደሚችል ታየ። ነሐሴ 2017 ላይ ኩባንያው በፈቃደኝነት የሚደረግ የማሻሻያ ፕሮግራም አወጣ፤ ከተለወጡት ዕቃዎች አንዱ ቀለል ያለ ምላጭ ነበር። ፒ320 ምላጩ መሃል ላይ እንደ ግሎክ ያለ ምላስ የለውም። ግሎክ አለው፤ ጣት ምላሱን ካልተጫነ ምላጩ አይንቀሳቀስም። ግን የፋብሪካው ምላጭ ፕላስቲክ የሆነው ለርካሽነት ብቻ አይደለም፤ ቀላል ነው። ከባድ የብረት ምላጭ፣ ከባድ የብረት ምላስና ለስላሳ የምላስ ሞላ አንድ ላይ ከመጡ ያ መከላከያ ይዳከማል። አሜሪካ ውስጥ ሳሚ የሚባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ሽጉጥ ከ4 ጫማ፣ 1.22 ሜትር ማለት ነው፣ ላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተጥሎ ይፈተን የሚል ደረጃ አለው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ1 ሜትር ከ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ይጥላል። ግሎክ እንዲህ ያለ ፈተና ያለፈው በፋብሪካው ዘንግ፣ በፋብሪካው ሞላና በፋብሪካው ምላጭ ነው። ኪት የሚሸጥ ሰው በኪቱ የተፈተነ ሽጉጥ እንዳለው ጠይቀው፤ መልስ ከሌለው ተወው።

ትርፍ ጉዞን የሚያቆም ብሎን ያለባቸውም አሉ። ብሎኑ ከመጠን በላይ ከተጠበቀ መርፌው አንዳንዴ ይለቃል፣ አንዳንዴ አይለቅም። ከላላ ደግሞ በተኩሱ ንዝረት ዞሮ ይወጣል ወይም ገብቶ ይጠብቃል። ሰማያዊ ሎክታይት (የብሎን ማጣበቂያ) ጠብታ ሳይደረግበት መተው ስሕተት ነው። በወገብ የሚያዝ ሽጉጥ ላይ ግን እንዲህ ያለ ብሎን ባይኖር ይሻላል።

የሚሠራ ሽጉጥ ይዞ እንዲህ ያለውን ማስገባት፣ የኛ ሰው እንደሚለው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።


ቀስተኛ፦

ሞላና_ፒን፣ በሞላውና በአጭር ጉዞው ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አፍተርማርኬት የሚባለውን ሁሉ በአንድ ከረጢት መክተቱ ግን ልክ አይደለም።

የምላጩን አካል ብቻ የሚሸጡ ሠሪዎች አሉ፤ የግሎክን የራሱን ዘንግ፣ የራሱን ኮኔክተርና የራሱን ሞላዎች ትጠቀማለህ። የሚለወጠው ጣትህ የሚያርፍበት ፊት ነው። ጠፍጣፋ ፊት ክብደቱን ራሱን ብዙ አይቀንሰውም፤ የሚለውጠው የጣትህን ቦታ ነው። ምላጭ ከላይ በፒን የተሰቀለ ማንሻ ነው፤ ጣትህ ዝቅ ባለ ቁጥር ክንዱ ስለሚረዝም ቀሎ ይሰማሃል። በተጠማዘዘው ፊት ላይ ጣት በግድ ወደ መሃል ይሄዳል፤ በጠፍጣፋው ላይ ዝቅ ብሎ ማረፍ ይቻላል። በነገራችን ላይ መለኪያው ላይም እንዲሁ ነው። የመለኪያውን መንጠቆ ዝቅ አድርጎ ሰቅሎ "4 ፓውንድ ወጣ" የሚል ማስታወቂያ ብዙ አለ። ፖቶማክ_ዳር፣ ከቀየርህ በኋላ ስትለካ መንጠቆውን ቀድሞ በሰቀልህበት ቦታ ላይ ስቀል፤ አለዚያ የምታነጻጽረው ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው የአካል ብቻ ለውጥ፣ ምላሱ በሚገባ ወጥቶ የሚቆልፍ እስከሆነና በዕረፍት ላይ የሚቆምበት ቦታ ከፋብሪካው እስካልተለየ ድረስ፣ ተገቢ ምርጫ ነው። ለውድድር ብቻ የተለየ ሁለተኛ ሽጉጥ ላለው ሰው ደግሞ 3.5 ፓውንድ ነውር የለበትም፤ ለስላሳ ፕራይመር ያለው ጥይት ይመርጣል፣ ሽጉጡ ከተኩስ ሜዳ አይወጣም፣ ሲከሽፍበት የሚያጣው ነጥብ ነው። ያንተ ግን አንድ ነው ብለሃል።

ለአንተ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ፐርፎርማንስ ትሪገሩ ለጄን 5 ሙሉ ስፋት ላላቸው ግሎኮች (ቀጫጭኖቹን፣ ማለትም 43ኤክስንና 48ን አይመለከትም) ፋብሪካው ራሱ ሠርቶ የሚሸጠው ነው፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሦስቱንም መከላከያዎች (የምላጩን ምላስ፣ የመርፌ መቆለፊያውንና መስቀሉ የሚያርፍበትን ደረጃ) እንደያዘ ነው። 4 ፓውንድ አካባቢ ይወርዳል፤ ከሁሉም በላይ የሚለቅበት ቦታ ጥርት ያለ ነው። ያንተን ቅሬታ በቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ወደ ግራ ዝቅ ማለቱ የምላጩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። በቀኝ እጅ ለሚተኩስ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ጣት ሲስብ ሌሎቹ ጣቶችም አብረው ከመጨበጣቸው ወይም ተኩሱን ቀድሞ ሽጉጡን ወደ ታች ከመግፋት የሚመጣ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የመጡትን የኋላ እጀታ መለጠፊያዎች ሞክር፤ አንዱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 4 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ጣት ምላጩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ለመለወጥ ከዚያ የረከሰ መንገድ የለም። ጓደኛህ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) ሲሞላልህ መሃል ላይ አንዲት ባዶ የልምምድ ጥይት ይደብቅበት። እሷ ላይ ስትደርስ አፈሙዙ ዝቅ ካለ መልሱን አገኘህ፤ ዕቃ ከመግዛት በፊት እሱ ይስተካከል።


ጎጆ_ሜዳ፦

ገና ሽጉጥ ላልገዛና ይህን ለሚያነብ ሰው፦ ምላጭ ከሁሉ በላይ የሚያሳስብህ ከሆነ ቀይረህ ከመድከም ከመነሻው ጥሩ ምላጭ ያለውን ግዛ። ዋልተር ፒዲፒ ኮምፓክትና ሲዜድ ፒ-10 ሲ ከሳጥናቸው ሲወጡ ከግሎክ የጠራ አለቃቀቅ አላቸው። ግሎክ የሚበልጠው በዕቃ ብዛት፣ በአፎት ብዛትና በቀላሉ በመፈታቱ ነው።


ፖቶማክ_ዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ማይነሱ መለጠጡን ሊያብሰው እንደሚችል አላውቅም ነበር። በቅድሚያ በባዶ ጥይቷ ልሞክርና ከዚያ ፐርፎርማንስ ትሪገሩን ላስብበት። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ምንም ሳይቀየር ያሉትን ክፍሎች መወልወል የሚባለው ይጠቅማል ወይ? ሁለተኛ፣ ፈትቶ ከገጠሙ በኋላ አንድ በአንድ የሚፈተሸው ምንድን ነው?


ንጹሕ_ዒላማ፦

መወልወሉ ይጠቅማል፤ ግን ብዙ ሰው አበላሽቶበታል። ሥራው ማለስለስ እንጂ መፋቅ አይደለም። የጥጥ እንጨትና እንደ ፍሊትዝ ያለ የብረት መወልወያ ቅባት ይበቃል፤ የአሸዋ ወረቀት፣ ሞረድና በሞተር የሚዞር ድንጋይ ከጠረጴዛው ይራቁ። የሚወለወሉት የሚንሸራተቱት ፊቶች ብቻ ናቸው፦ ዘንጉ የመርፌ መቆለፊያውን የሚገፋበት ጎን፣ የመቆለፊያው ጫፍ፣ ኮኔክተሩ ከዘንጉ ጋር የሚፋተግበት ፊት። ዘንጉና የመርፌው ጆሮ የሚያያዙባቸው ጠርዞች አይነኩም። ጠርዙ ከተሸራረፈ ወይም ማዕዘኑ ከተለወጠ መያዣው ይዳከማል፤ ያን የሚመልስ ቅባት የለም። ለውጡ ትንሽ ነው፤ በመለኪያ ላይታይ ይችላል፣ በጣት ግን ይታወቃል። ከ500 እስከ 1,000 ጥይት የተተኮሰበት ሽጉጥ ደግሞ ይህን ሥራ ራሱ ይሠራዋል። ባዶ ተኩስም እንዲሁ፤ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የምታደርገው ከሆነ ግን የልምምድ ጥይት አስገባበት።

አፈታቱን በአጭሩ። ካርታውን አውጣ፤ ስላይዱን ሦስት ጊዜ ሳብ፤ ስላይዱን ይዘህ ጥይቱ የሚጎርስበትን ቤት በዓይንህም በጣትህም ፈትሽ። ጥይት ያለበት ካርታ በዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር። ይህን የምለው ግሎክ ስላይዱ እንዲወጣ ምላጩ መሳብ ስላለበት ነው፤ ከግሎክ ጋር የተያያዙ የቤት ውስጥ አደጋዎች ብዙ ጊዜ የሚደርሱት እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። አፈሙዙ ጥይት ሊያቆም ወደሚችል ነገር ይዙር።

ስላይዱ ከወጣ በኋላ ጄን 5 ሁለት ፒን ብቻ አለው፤ ከኋላ የምላጩ ቤት ፒን፣ ከፊት የምላጩ ፒን። (ጄን 3 እና 4 ሦስተኛ አላቸው፤ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፣ መጨረሻ የሚገባውም እሱ።) 3/32 ኢንች የፒን መግፊያ ይበቃል፤ መዶሻ አያስፈልግም። የምላጩ ፒን ዙሪያውን ጎድጓዳ መስመር አለው፤ የስላይድ ማቆሚያው እዚያ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ ፒኑን እየገፋህ የስላይድ ማቆሚያውን ወደ ኋላና ወደ ፊት ወዝውዘው፤ ሲላቀቅ ይንሸራተታል። በጉልበት የሚመቱት ሰዎች ፒኑን ያጎብጣሉ። ከዚያ ማቆሚያው ይወጣል፤ መቆለፊያ ብሎኩ ወደ ላይ ተፈንቅሎ ይወጣል፤ የምላጩ ቤትና ምላጩ አንድ ላይ ይነሣሉ።

ስትመልሰው ብዙ ሰው የሚሳሳተው የስላይድ ማቆሚያው ሞላ ላይ ነው። ቦታው ካልተቀመጠ ማቆሚያው ይዘገያል ወይም ካርታው ሳያልቅ ስላይዱን ያቆማል። በጣትህ ወደ ላይ አንሥተህ ልቀቀው፤ በራሱ ፈጥኖ መውረድ አለበት። ኮኔክተሩን ካወጣህ እስከ መጨረሻው ገብቶ ከቤቱ ጋር መጣበቁን እይ፤ ወደ ጎን ከወጣ ስላይዱ ይፋተገዋል። ዘንጉና ኮኔክተሩ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ጣል። ግሎክ በጣም ጥቂት ዘይት የሚፈልግ ሽጉጥ ነው፤ ያቺ ጠብታ ግን የግድ ናት። የመርፌው መንገድ ውስጥ ዘይት አይግባ።


ሞላና_ፒን፦

ፍተሻውን እኔ ልጻፈው። ሁሉም በባዶ ሽጉጥ ነው።

የምላሱን ፈትሽ፦ ስላይዱን ስበህ ልቀቅ፤ ምላሱን ሳትነካ ምላጩን በሁለት ጎኑ ይዘህ ሳብ። መንቀሳቀስ የለበትም። ምላሱን ተጭነህ ስትለቀውም ፈጥኖ ወደ ፊት መውጣት አለበት፤ የሚዘገይ ወይም የሚጣበቅ ከሆነ ዕቃው ይመለስ።

የመርፌ መቆለፊያውን ፈትሽ፦ ስላይዱን አውርደህ የመርፌውን ጆሮ በጣትህ ወደ ኋላ ሳበውና ቀስ ብለህ ወደ ፊት መልሰው፤ መቆለፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ግፋው። ጫፉ ከቀዳዳው መውጣት የለበትም። ከዚያ መቆለፊያውን በጣት ተጫነው፤ አሁን ጫፉ መውጣት አለበት።

መያዣውን ፈትሽ፦ ይህ ለፋብሪካው አሠራር ዋናው ነው። መሃሉ የተቆረጠ ብርቱካናማ የኋላ ክዳን ይሸጣል፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ያንተን የኋላ ክዳን አውጥተህ እሱን አድርግ፣ ሽጉጡን ግጠምና ከኋላ ተመልከት። ዘንጉ የመርፌውን ጆሮ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን መያዝ አለበት። ከዚያ ያነሰ ከታየ ያ ሽጉጥ ጥይት አይጎርስ። አካል ብቻ የቀየርህ፣ ዘንግ የቀየርህ፣ የማታውቀውን ኮኔክተር ያስገባህ ሁሉ ይህን ሳታይ ወገብህ ላይ አታድርገው። ፐርፎርማንስ ትሪገሩ ግን ውስጡ የተለየ ስለሆነ ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ ተከተል።

መመለሻውን ፈትሽ፦ ምላጩን ስበህ ያዝ፣ አትልቀው። ስላይዱን እስከ መጨረሻው ሳብና መልስ። አሁን ምላጩን በጣም በዝግታ ልቀቅ፤ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እንደገና ስትስብ መርፌው መልቀቅ አለበት። 20 ጊዜ ድገመው፤ አንዴ እንኳ ካልመለሰ ኮኔክተሩ ታጥፏል ወይም አልተቀመጠም።

መዝጊያውን ፈትሽ፦ ምላጩን ስበህ እንደያዝህ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርግና ስላይዱን በእጅህ ይዘህ በቀስታ ወደ ፊት መልሰው። ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። አንዲት ሚሊ ሜትር ከቀረ ዋናው የስላይድ ሞላ ደክሟል ወይም ከገባው ሞላ ጋር አልተመጣጠነም።

ከዚያ ተኩስ ሜዳ። መጀመሪያ ካርታው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ፤ 5 ጊዜ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት፤ 10 ጊዜ። ሁለት የሚደረገው በአንድ ስበት ሁለት ጥይት ከወጣ ሦስተኛ እንዳይኖር ነው። እንዲህ ከሆነ ወዲያው አቁም፤ ሽጉጡን ወደ ባለሙያ ውሰድ። ይህን ካለፈ ካርታው ይሞላ፦ 200 የልምምድ ጥይት፣ ከዚያ ወገብህ ላይ የምትይዘውን ዓይነት 50። የከሸፈ ጥይት ሁሉ ፕራይመሩ ይታይ።


ጎጆ_ሜዳ፦

አፎቱ ተረሳ። ጠፍጣፋ ምላጭ ከተጠማዘዘው የተለየ ቦታ ይይዛል፤ ለተጠማዘዘው የተቀረጸ ጠንካራ የፕላስቲክ አፎት የምላጩን ፊት ሊነካው ይችላል። ባዶውን ሽጉጥ አስገባና አፎቱን ወደ ብርሃን አዙረህ ተመልከት፤ ከዚያ ስታስገባና ስታወጣ "ቀጭ" የሚል እንዳለ አዳምጥ። የሚነካ ከሆነ አፎቱ ይቀየር።

ከማይታወቁ ድረ ገጾች በርካሽ የሚመጣ "የግሎክ የኋላ ክዳን" ወይም "ስዊች" የሚባል ነገር ካያችሁ አትጠጉት። በአንድ ስበት ከአንድ በላይ የሚያስተኩስ ዕቃ በፌደራል ሕግ ራሱ እንደ መትረየስ ይቆጠራል፤ ሽጉጡ ላይ ባይገጠምም መያዙ ብቻ እስከ 10 ዓመት እስር ያመጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የተኩስ ፍጥነት የሚጨምሩ የምላጭ ማገዣዎችም ተከልክለዋል። ክዳኑን ለፍተሻ የምትፈልጉ ከታወቀ የግሎክ ዕቃ ሻጭ ግዙ፤ መሃሉ የተቆረጠ ተራ ፕላስቲክ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።


ቀስተኛ፦

ፖቶማክ_ዳር፣ ያወጣኸውን የፋብሪካ ዕቃ አትጣለው። ምላጩን፣ ዘንጉን፣ ኮኔክተሩንና ቤቱን አንድ ላይ በትንሽ ከረጢት አድርገህ ቀኑንና እስከዚያ የተተኮሰውን ጥይት ብዛት ጻፍበት። የጂኤስኤስኤፍ (የግሎክ ተኳሾች ማኅበር) ውድድር በኦርጅናል ክፍል ልትገባ ከፈለግህ ሊያስፈልግህ ይችላል፤ ሽጉጡን ለዋስትና ወደ ፋብሪካ ልትልከው ከሆነም እንዲሁ። እና ገጥመህ ከጨረስህ በኋላ መለኪያውን 10 ጊዜ ሰቅለህ ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን፤ መንጠቆው ያው ቦታ ላይ።